ጉንጭ ላይ ያረፈ እጅ

አዊ ውስጥ፣ ጥርባ ላይ ዝናብ ይዞኝ አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ተጠልዬ ነበር። የአዊ ክረምት አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ፣ ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ ውጭ ውጭውን ሳይ ሻይ የሚያፈሉት እናት ዞር አሉና «ልጄ፣ እጅህን ከጉንጭህ ላይ አንሳ እንጂ! ማን ሞቶብህ ነው?» አሉኝ። አነሣሁ።

ይህን ተግሣጽ ሳይሰማ ያደገ ልጅ እምብዛም አይገኝም። ጉንጭ ላይ ያረፈ እጅ የሐዘንተኛ አቀማመጥ ስለሆነ፣ ያለ ሐዘን ሲያደርጉት ሐዘን ይጠራል ይባላል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ እጅ ከእኛ በጣም ርቀው የኖሩ ሰዎችም ለትካዜ የመረጡት ምልክት ነው። ጀርመናዊው አልብሬሽት ዱረር በ1514 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በመዳብ ላይ ቀርጾ ባተመው «ሜላንኮሊያ» በተባለ ሥራው አንዲት ክንፍ ያላት ሴት ጭንቅላቷን በጭብጧ ደግፋ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሚዛንና የአሸዋ ሰዓት ተበታትነዋል፤ እጇ ላይ ኮምፓስ አለ፤ ግን አትሠራም። መሣሪያው ሁሉ ሞልቶ ልብ ሲዝል ምን እንደሚመስል ከደብተር ገጽ ብዙም በማይበልጥ ወረቀት ላይ አሳይቶናል። ቫን ጎግ በ1890 ዶክተር ጋሼን ሲሥለው ሰውዬውን ያስቀመጠው በዚያው አኳኋን ነው። ኖርዌያዊው ኤድቫርድ ሙንክ «ሜላንኮሊ» ባላቸው ሥዕሎቹም ባሕር ዳር የተቀመጠው ሰው እጁ ጉንጩ ላይ ነው።

እኛም ቤት አለ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥነ ስቅለቱን ስታዩ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ የቆሙትን እመቤታችንንና ዮሐንስን ልብ በሉ። በብዙዎቹ የቆዩ ሥዕሎች እጃቸው ወደ ጉንጫቸው ከፍ ብሏል። ሠዓሊው እንባ መሣል አላስፈለገውም፤ ያ እጅ ይበቃዋል።

ቃሉን እንየው። ሜላንኮሊ የግሪክ ቃል ነው፤ ሲፈታ «ጥቁር ሐሞት» ማለት ነው። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ጥቁር ሐሞት ሰውነት ውስጥ ሲበዛ ሰው ይተክዛል ብለው ያምኑ ነበር። በአርስቶትል ስም የቆየ አንድ ጽሑፍ ደግሞ በፍልስፍናም በግጥምም በኪነ ጥበብም የላቁት ሰዎች ለምን ሐሞታቸው ጥቁር ሆነ ብሎ ይጠይቃል። አማርኛ ሐሞትን የሚያውቀው በተቃራኒው ነው። ለእኛ ሐሞት ወኔ ነው፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። ለግሪኮች ሲበዛ የሚያስተክዘው ለእኛ ሲፈስ ነው የሚያስተክዘን።

ሐዘንና ትካዜም አንድ አይደሉም። ሐዘን ምክንያት አለው፣ ቀንም አለው፤ ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት ተብሎ ይቆጠራል፤ ሰውም ተሰብስቦ ያስተዛዝናል። ትካዜ ቀጠሮ የለውም። ሰውየው ብቻውን ነው፤ «ምን ሆንክ?» ቢሉት «ምንም» ይላል። ይህ ስም የለሽ ስሜት ቅርጽ ሲያገኝ፣ ዜማ ወይም ቀለም ሲሆን ነው ኪነ ጥበብ የምንለው። የእኛ ሕዝብ ለዚህ ያበጀው ቅርጽ ደግሞ ትዝታ ነው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ እኔን የመሰለ ዝናብ የያዘው ወጣት ነበር፤ ክራሩን አውጥቶ ይቃኝ ጀመር። ካያችሁት ቀላል ነገር ነው። የክራር ክር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ነው፤ ቅኝቱ ግን አምስት ድምፅ ነው፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይደግመዋል። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ልጁ ይህን መታ፤ ለስለስ ያለ፣ ናፍቆት ያለበት፣ ግን ብርሃን ያለው ድምፅ ነው። ከዚያ ክሮቹን ትንሽ ላላ አደረጋቸው፤ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን፣ ሚንና ላን፣ በግማሽ ድምፅ አወረዳቸው። የቀሩት እንዳሉ ናቸው። ትዝታ ማይነር የሚባለው ይህ ነው፤ ቤቱ ጨለመ ብል አላጋነንኩም። እኒያ እናት ብርጭቆ ማጠባቸውን ተዉት። ለውጡ ሁሉ የሁለት ድምፅ ግማሽ እርምጃ ነው።

ትዝታ የቅኝት ስም ብቻ አይደለም፤ የዘፈንም ስም ነው። ካሳ ተሰማ፣ ማህሙድ አህመድ፣ በዛወርቅ አስፋው፣ አስቴር አወቀ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ግጥም ዘፍነውታል። ዘፋኙ ትዝታን እንደ ሰው ያነጋግረዋል፣ ይከስሰዋል፣ መልሶም ይጠራዋል። ፈረንሳያዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ባሳተማቸው የሙዚቃ ስብስቦች አሥረኛውን ትዝታ ብሎ ሲሰይመው «የኢትዮጵያ ብሉዝ» የሚል አከለበት። ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። ብሉዝ የሮክ አባት ነው፤ የሮክ ጊታሪስት ሶሎ ሲጫወት እጁ መጀመሪያ የሚሄድባቸው አምስት ድምፆች ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ናቸው። ከትዝታ ሜጀር ጋር አስተያዩአቸው፤ ያው አምስቱ ናቸው። ልዩነቱ ቤታቸው ነው፤ እኛ ዶ ላይ እናርፋለን፣ እነሱ ላ ላይ። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን ይዞ ሲመጣ የእኛን ቅኝት ከሚጮኽ ኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያጋባው በዚህ በተከፈተ በር ገብቶ ነው።

ሮክ ከሥዕልም ይበደራል። ስማሺንግ ፓምኪንስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1995 ሃያ ስምንት ዘፈን የያዘ ድርብ አልበም አወጣ፤ ስሙም ሜላንኮሊ በሚለው ቃል ላይ የተሠራ የድምፅ ጨዋታ ነው። ሽፋኑ ላይ ከኮከብ ውስጥ ብቅ ያለች ልጅ አለች። አካሏ ሩፋኤል ከሣላት ቅድስት ካትሪን የተወሰደ ነው። ፊቷ ደግሞ ፈረንሳያዊው ግሬዝ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ከሣለው ሥዕል የመጣ ነው። የዚያ ሥዕል ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «ትዝታ» ነው የሚሆነው። ሰዎቹ የእኛን ዘፈን ሰምተው አይደለም፤ ትካዜ የትም ቢሄድ ያለፈውን መልሶ መጥራቱ ስለማይቀር ነው።

እዚህ ላይ የሠዓሊውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ስም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1932 ሐረር ተወለደ፤ አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ካህን ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና «ጎልጎታ»ን ሣለ። አባቶቹ በጉንጭና በእጅ ያሳዩትን ስቅለት እሱ በቀይ ቀለም አሳየው። ገጣሚም ነበር፤ የአገር ናፍቆትን የሱን ያህል የገጠመ ሰው ጥቂት ነው። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንዲሁ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፣ ኋላም መነኮሱ። ፒያኖ ላይ የትዝታን ቅኝት እንደ ጸሎት አስኬዱት። ከመጀመሪያው ሸክላቸው የተገኘውን ገንዘብ ለችግረኛ ልጆች አዋሉት፤ በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

የእማሆይን ዕድሜ ያነሣሁት ሆን ብዬ ነው። የሮክ ዘፋኞቹ ከርት ኮቤይን በ1994 በሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ኢያን ከርቲስ በ1980 በሃያ ሦስት ዓመቱ ራሳቸውን ካጠፉ ወዲህ፣ ታላቅ ሥራ የሚወለደው ከሕመም ነው የሚል እምነት በወጣቶች ዘንድ ተስፋፍቷል። አላምንበትም። ኢያን ከርቲስ የሚጥል በሽታና ድባቴ የነበረበት ሰው ነው፤ ዘፈኖቹን የጻፈው በሽታው ሳይሆን እሱ ራሱ ነው። ትካዜ ክራር ያስነሣል፤ ድባቴ ክራር ያስጥላል። ድባቴ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

የምትወዱት ልጅ ማታ ማታ ትዝታ ቢያንጎራጉር አትስጉ፣ አታቋርጡት። ክራሩን ከሰቀለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቀው፣ ከሰው ከሸሸና ይህም ሳምንታት ከቆየ ግን እንደ ጥርባዋ እናት ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት። «ምንም» ካላችሁም እዚያ ላይ አትተዉት፤ ጤና ጣቢያ ድረስ አብራችሁት ሂዱ።