ልጅ በዘገየበት ቤት ባልም ሚስትም ይመርመሩ

በሠርጉ ዕለት «ውለዱ ክበዱ» ብሎ የመረቀ ዘመድ አዝማድ፥ ዓመት ሲሞላ የምርቃቱን ፍሬ ለማየት መጓጓቱ የቆየ ልማድ ነው። ፍሬው የዘገየ እንደ ሆነ ግን ጥያቄውም ሐሜቱም ወደ ሚስቲቱ ያዘነብላል። አንዳንዱም ባል ራሱ ሳይመረመር ትዳሩን አፍርሶ ሌላ ያገባል፤ ከሁለተኛይቱም ልጅ ሳያገኝ ሲቀር ስሕተቱን የሚረዳው ዕድሜ ካለፈ በኋላ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ልናስገነዝብ የምንወደው ይህንኑ ነው፤ ምርመራው ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መጀመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ይህ ችግር የጥቂቶች አለመሆኑን እንወቅ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው፥ ለአካለ መጠን ከደረሱ 6 ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው ውስጥ በአንድ ወቅት ልጅ የማግኘት ችግር ይደርስበታል። ከእነዚህም ባለትዳሮች እስከ ግማሽ በሚደርሱት ዘንድ፥ ምክንያቱ በወንዱ በኩል ብቻ ወይም በሁለቱም በኩል ይገኛል። ስለዚህ ሚስትን ብቻ መመርመር የቤቱን ግማሽ ፈትሾ ግማሹን እንደ መተው ነው።

ወደ ሐኪም መቼ ይኬድ? ሚስቲቱ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች፥ ያለ መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ነው። 35 ዓመት ከሞላት ግን ስድስት ወር ይበቃል፤ 40 ካለፈች መዘግየት አይገባም። የሴት እንቁላል ከዕድሜ ጋር በቍጥርም በጥራትም እየቀነሰ ይሄዳልና። የወር አበባዋ የሚዛባ፥ ወይም ቀድሞ የማኅፀን ሕመም ያገኛት ሴት፥ እንዲሁም ካደገ በኋላ በጆሮ ደግፍ ታሞ የዘር ፍሬው ያበጠበት ወንድ፥ ዓመቱ እስኪሞላ መጠበቅ የለባቸውም። ደግሞም ባል በሥራ ምክንያት በአንድ ወረዳ፥ ሚስት በሌላ የሚኖሩ ከሆነ፥ በመለያየት ያለፈው ወራት አይቈጠርም። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቈየው አንድ ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ፥ በበዓል ቀን ብቻ የሚገናኙ ባልና ሚስት ቀኑ ሊያመልጣቸው ይችላል።

የወንዱ ምርመራ ከሁሉ የቀለለ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ተቈጥቦ የዘር ፈሳሹን ለላቦራቶሪ ይሰጣል። በዚያም የዘሩ ብዛት፥ እንቅስቃሴና ቅርጽ በማጉያ መሣሪያ ይታያል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ዝቅተኛው መነጻጸሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። ነገር ግን ይህ ቍጥር የፍርድ ወሰን አይደለም፤ ከዚህ በታች ኖሯቸው የወለዱ አሉ። አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ያህል ስለሚፈጅ፥ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በከባድ ትኩሳት የታመመ ሰው ውጤቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለሆነም ውጤቱ ካላማረ ምርመራው ይደገማል እንጂ ተስፋ አይቈረጥም።

በሴቲቱ በኩል ሐኪሙ ሦስት ነገሮችን ይመረምራል። አንደኛው እንቁላል በየወሩ መውጣትዋ ነው፤ ለዚህም የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ ሰባት ቀን ያህል አስቀድሞ ደም ይወሰዳል። የወር አበባዋ በ28 ቀን የሚመላለስ ሴት ከሆነች፥ ይህ 21ኛው ቀን ነው። ሁለተኛው የማኅፀን ቱቦዎች ክፍት መሆን ነው፤ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በማኅፀን በኩል ገብቶ ሥዕሉ ይነሣል። ጨብጥና ክላሚዲያ በጊዜው ካልታከሙ እነዚህን ቱቦዎች ይደፍናሉ። ሦስተኛው የማኅፀኑና የእንቁላል ዕጢዎቹ ሁኔታ ሲሆን፥ በአልትራሳውንድ ይታያል።

ከዚህ ሌላ የቀሩትን እንቁላሎች ብዛት በግምት የሚያመለክት የደም ምርመራ አለ። ይህ ምርመራ በሕክምና ለመርዳት ለሚሻ ሐኪም ይጠቅመዋል፤ አንዲት ሴት በተፈጥሮ መንገድ መፅነስ አለመፅነሷን ግን አይናገርም። ስለዚህ ቍጥሩ አነሰ ብሎ መደንገጥ፥ በዛ ብሎም መዘናጋት አይገባም።

ምርመራው ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ የማይታወቅበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ከሚታወቁት ምክንያቶች ብዙዎቹ መድኃኒት ወይም ሌላ መፍትሔ አላቸው። በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል። ወደ ጠበል መሄድ ወደ ሐኪም ከመሄድ አያግድም፤ ጸሎቱም ሕክምናውም በአንድነት ሊሆኑ ይችላሉ።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እንግዲህ ባል ሚስቱን ብቻዋን ወደ ሐኪም ቤት አይላካት፤ አብሯት ይሂድ፥ ከጐኗም ይቀመጥ፥ የራሱንም ምርመራ አስቀድሞ ይስጥ። ውጤቱ የማንም ቢሆን ችግሩ የሁለቱ ነው። ልጅ ቢገኝ ደስታው የጋራ ነው፤ ባይገኝም ያለ ፍርድ የተወነጀለች ሚስት በዚያ ቤት አትኖርም።