ቃል ከነጓደኛው ይጠና

አማርኛ ስለ ትምህርት ሲያወራ ግሱን እንዲሁ አያነሳም። ፊደል ይቆጠራል፣ ዳዊት ይደገማል፣ ቅኔ ይዘረፋል። ‹ፊደል ዘረፍኩ› የሚል ሰው ሰዋስው ባያፈርስም ቋንቋውን ገና አልለመደም ይባላል። እንግሊዝኛም የራሱ ጥምረት አለው፤ የቤት ሥራ ከ‹ዱ›፣ ማስታወሻ ከ‹ቴክ›፣ ትኩረት ከ‹ፔይ› ጋር ይሄዳል። በየትምህርት ቤቱ የምናየው የቃላት ደብተር ግን በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ የተደረደረበት የነጠላ ቃል ዝርዝር ነው። ይህ ልማድ ተማሪውን ይጎዳል፤ ቃል መጠናት ያለበት ከነጓደኛው ነው።

ጉዳቱ እንደ ደሃና ባለ የዋግ ኽምራ ወረዳ ይብሳል። በዋግ ኽምራ ብዙ ልጅ አፉን የሚፈታው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛ ይከተላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት አስገባ፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። ስለዚህ በደሃና ከተማ በአምደወርቅ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሚማረው በሦስተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል። ስንቁ ነጠላ ቃል ብቻ ከሆነ ግሱን ከሚያውቀው ቋንቋ ይበደራል፦ «ማስታወሻ ያዝኩ» ሲል ‹ሆልድ›፣ «ፈተና ወደቅኩ» ሲል በ‹ፌይል› ፈንታ ‹ፎል› ይጽፋል። ቃሉን አጥንቷል፤ ሐሳቡ ግን አልደረሰም።

ቃልን ከነጓደኛው ማስጠናት ሽምደዳን ማበረታታት ነው የሚሉ አሉ። ሽምደዳ ግን ጥፋት የሚሆነው እዚያው ላይ ሲቆም ነው። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን በቃሉ ይይዛል፣ የመምህሩን ቅኔ ያዳምጣል፣ ከዚያ የራሱን ይቀኛል፤ የያዘው መፍጠሪያ ይሆነዋል። በሌላው ዓለምም ቃልን ከነጓደኛው የማጥናት ሐሳብ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ሃሮልድ ፓልመር ለጃፓን ተማሪዎች ሲል የእንግሊዝኛን የቃላት ጥምረቶች አሰባስቦ በ1933 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ አሳትሟል።

መጽሐፍ በሌለበት ይህ ቅንጦት ነው የሚለው ስጋትም ከእውነተኛ ችግር የመጣ ነው። ሆኖም ሥራው ከጠመኔና ከሰሌዳ ሌላ አይፈልግም። መምህሩ ‹ኤግዛም› ብሎ ሲጽፍ ‹ቴክ›፣ ‹ፓስ› እና ‹ፌይል›ን አብሮ ይጻፍ፤ ተማሪው በእያንዳንዱ ስለ ራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሥራ። የባዮሎጂ መምህሩም ‹ዳያግራም›ን ከ‹ድሮው› እና ከ‹ሌብል› ጋር ያስተዋውቅ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር እስከ ስንተኛ ክፍል ይዝለቅ የሚለው ክርክር ተገቢ ነው፣ ይቀጥል። ዛሬ ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ግን የክርክሩን መቋጫ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ፈተናው በእንግሊዝኛ እስከተዘጋጀ ድረስ፣ ያጠናው ቃል ዓረፍተ ነገር እንዲሆንለት ማድረግ የመምህራኑና የመጽሐፍ አዘጋጆቹ ግዴታ ነው።