ዜማ በባሕር ዳርቻ፤ ስለ ጋራ ሸቀጥ ዋጋ

ከወጣትነት ወዳጆቼ አንዱ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዶ በቨርሞንት ግዛት ኑሮውን ካጸና ወዲህ፥ በዚያው ግዛት በ1983 የተመሠረተውን ፊሽ የሚባል የሙዚቃ ጓድ ከከተማ ከተማ እየተከተለ ሲሰማ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ጓድ ዝና የቆመው በሸክላ ባስቀረጸው ዘፈን ሳይሆን በመድረክ ላይ በሚያፈልቀው ዜማ ስለሆነ፥ የትናንቱን ጨዋታ ዛሬ አይደግመውም፤ በ2017 ክረምት በኒው ዮርክ፥ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ 13 ሌሊት ሲጫወት አንድ ዘፈን እንኳ ሁለት ጊዜ አላሰማም። ከዚያ አስቀድሞ በ2016 ጥር ወር ደግሞ የሦስት ሌሊት ጨዋታውን በሜክሲኮ፥ ሪቪዬራ ማያ ወደሚባለው የካሪቢያን ባሕር ጠረፍ ወሰደው፤ ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ተመልሶበታል። ወዳጄ ከእነዚህ ጉዞዎች ለአንደኛው ሲጠራኝ ያስቀደመው ነገር ግን የዜማውን ጣዕም አልነበረም። «ክፍሉ የሚሸጠው ለሁለት ሰው ተብሎ ነው፤ ብቻዬን ብሄድ የሌለውን ሰው ድርሻ እኔ ልከፍል ነው፤ ይልቅስ ና፥ አብረን እንሂድ» አለኝ። እኔም የጉዞውን ደስታ ከቀመስሁ በኋላ መለስ ብዬ ሳስበው፥ ስለ ጋራ ሸቀጥ ዋጋ ልጽፈው የሚገባኝ ትምህርት ሁሉ በዚያች ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ እንደነበረ ተረዳሁ።

አንድ የሙዚቃ ጓድ የለመደውን አዳራሽ ትቶ ወደ አሸዋ ዳርቻ የሚወርድበትን ምክንያት ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ አስቀድሞ የዜማውን ገበያ መመርመር ይገባዋል። በአሜሪካ የተቀረጸ ሙዚቃ ሽያጭ በ1999 ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ሳለ፥ ዜማ በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ በጀመረ ጊዜ እያሽቆለቆለ ሄዶ፥ በ2014 ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀረ፤ በኋላ በወርኃዊ ክፍያ የመስማት ልማድ መልሶ ቢያነሣውም፥ አንዲት ዘፈን አንድ ጊዜ በተሰማች ቁጥር የሚከፈለው ዋጋ ከሳንቲም በታች ሆኗል። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ በ2002 ሙዚቃ እንደ ቧንቧ ውሃና እንደ ኤሌክትሪክ ሆኖ በየቤቱ እንደሚፈስ ተናግሮ፥ የሙያ ባልንጀሮቹን ለብዙ ጉዞ እንዲዘጋጁ መክሮ ነበር። የተባለውም ሆነ፤ ድምፁ ረከሰ፥ ድምፁ በሚወጣበት ሰዓት በስፍራው መገኘት ግን ተወደደ።

ነገር ግን በስፍራው ተገኝቶ ማሰማት የራሱ የሆነ ጽኑ ደዌ አለበት። የፕሪንስተን ሊቃውንት ዊልያም ቦሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ የፋብሪካ ሠራተኛ በመሣሪያ ኃይል ከአባቱ ይልቅ አብልጦ ሲያመርት፥ ለአራት ሙዚቀኞች የተደረሰ ዜማ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አራት ሰውና ያን ያህል ደቂቃ እንደ ጠየቀ፥ ዛሬም አራት ሰውና ያንኑ ደቂቃ ይጠይቃል። በበዓል ዋዜማ ቆመው የሚያድሩትን የቤተ ክርስቲያናችንን ሊቃውንት ያየ ሰው ይህን ያለ ብዙ ድካም ይረዳዋል፤ ከቅዱስ ያሬድ የተወረሰው ዜማ ከነጸናጽሉ፥ ከነከበሮውና ከነመቋሚያው ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጸም ስለሆነ፥ ሰዓቱን ለማትረፍ ሲባል ቢያሳጥሩትና ሰዉን ቢቀንሱት ማኅሌት መሆኑ ይቀራል። እንግዲህ በሌላው ሙያ ደመወዝ ከምርት ጋር ሲያድግ፥ ምርቱ ሊያድግ በማይችለው ሙያ ወጪው ብቻ ያድጋል ማለት ነው።

የባሕር ዳርቻው ጉዞ ለዚህ ደዌ የተገኘ አንድ መድኃኒት ነው። በተለመደው ጉዞ ጓዱ መድረኩን፥ ብርሃኑንና የድምፁን ዕቃ በከባድ መኪና አስጭኖ በየከተማው ሲያቆምና ሲያፈርስ፥ ሠራተኞቹንም በየሌሊቱ ሲያሳድር፥ የገቢው ብዙ እጅ በመንገድ ላይ ይቀራል፤ በዚህ ግን መድረኩ አንድ ጊዜ ተተክሎ ሦስትና አራት ሌሊት ያገለግላል፥ የሚጓዘውም አድማጩ ነው። ዘፈን የማይደግም ጓድ ለዚህ ሥርዓት የተስማማ የሚሆነውም፥ እያንዳንዱ ሌሊት እንደ አዲስ ሸቀጥ ስለሚቆጠርና በአንደኛው ሌሊት የሰማው ሰው ሁለተኛውን ትርፍ ነው ብሎ ስለማይተወው ነው። በዚህ ላይ መኝታው፥ ምግቡ፥ መጠጡና ዜማው በአንድ ዋጋ ተጠቃልሎ፥ ክለብ ሜድ የተባለው የዕረፍት ጉዞ ድርጅት በ1950 በማዮርካ ደሴት ከጀመረው ልማድ እንደተወረሰው ሁሉ፥ ከጉዞው ብዙ ወራት አስቀድሞ ይከፈላል፤ አዘጋጁም የሰውን ገንዘብ ያለ ወለድ ይዞ ሥራውን ያሰናዳል። አደጋው ግን በአንድ ስፍራና በአንድ ሳምንት ላይ የተከማቸ ነው፤ በጥር 2022 ዴድ ኤንድ ካምፓኒ የተባለው ጓድ በዚያው ጠረፍ ያሰናዳው ጉባኤ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በዋዜማው በቀረ ጊዜ ይህ በግልጥ ታይቷል።

አሁን ወደ ወዳጄ ቃል ልመለስ። ነገሩን ለማስረዳት ያህል በተመቸ ቁጥር እንናገር፤ ክፍሉ በሌሊት 200 ዶላር፥ የአንድ ሰው ምግብና መጠጥ በቀን 100 ዶላር፥ የአራቱ ሌሊት ዜማ ደግሞ ለአንድ ሰው 600 ዶላር ይሁን። ብቻውን የሄደ ሰው ለክፍሉ 800፥ ለምግቡ 400፥ ለዜማው 600፥ በድምሩ 1,800 ዶላር ይከፍላል፤ ሁለት ሆነው የሄዱት ግን ክፍሉን ለሁለት ስለሚካፈሉት እያንዳንዳቸው 1,400 ዶላር ይከፍላሉ። የ400 ዶላሩ ልዩነት ብቸኛውን ሰው ለመቅጣት የተጣለ ሳይሆን፥ አልጋው አንድ ሰው ቢተኛበትም ሁለት ቢተኙበትም የማይለወጠው ቋሚ ወጪ የሚካፈለው ሰው ሲያጣ የሚደርስበት ነው። አዘጋጁም ቢሆን ሁለተኛው ሰው እንዲመጣ ይሻል፤ የአድማጩ ቁጥር የሚወሰነው በክፍሎቹ ብዛት ስለሆነ፥ አንድ ሰው ብቻ የገባበት ክፍል ከዜማው ዋጋ አንዱን ያስቀርበታል።

የሚካፈሉት ነገር ግን ክፍሉን ብቻ አይደለም። በሜክሲኮ ሕግ የባሕር ዳርቻው የሕዝብ ሀብት ነው፤ ዜማም በባሕርዩ ከአየር ጋር የሚሄድ፥ አንዱ ስለሰማው ለሌላው የማይጎድል ነገር ነው። ሁለት ለሁሉ የሚዳረሱ ነገሮች በአጥርና በእጅ ላይ በሚታሰር ምልክት ለተወሰኑ ሰዎች ሲለዩ፥ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጄምስ ቡካነን በ1965 ስለ ክበባት በጻፈው ትንታኔ የገለጠው ሸቀጥ ይወለዳል፤ ይኸውም አባላቱ በጋራ የሚጠቀሙበት፥ ከአባላቱ ውጭ ያለው የማይገባበት፥ አባላቱም እጅግ ሲበዙ በመጨናነቅ የሚበላሽ ሸቀጥ ነው። የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ይህን ሥርዓት ከቤቱ ያውቀዋል፤ ጥቂት ሲሆኑ የድግሱ ተራ ቶሎ ቶሎ እየደረሰ ያደክማል፥ ሲበዙ ደግሞ ቤቱ ይጠብባል፥ ከሁሉም በላይ ግን የማኅበሩ ጥቅም ከጠላውና ከዳቦው ይልቅ በማኅበርተኞቹ ማንነት ይመዘናል። በዚያ አሸዋ ላይ የተሰበሰቡትም እንዲሁ ነበሩ፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ አንዲት ሌሊት ጨዋታ ሲጫወቱ እንደ ዘመድ ይተቃቀፉ ነበር፥ ሁሉም የከፈለው በከፊል ሌሎቹ በመምጣታቸው ምክንያት ነበር።

ትርፉ ለማን እንደሚደርስ መጠየቅም ተገቢ ነው። ከዚያ ጠረፍ አጠገብ ያለችው ካንኩን በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥቂት ነፍስ ብቻ ያለባት የአሸዋ ደሴት ስትሆን፥ የሜክሲኮ ማዕከላዊ ባንክ ባለሙያዎች የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ጠረፍ ሲፈልጉ መረጧት፤ መንግሥት በ1971 ከኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ መንገዱን፥ ውሃውንና አውሮፕላን ማረፊያውን ሠራ፤ በ2020 ቆጠራ ወደ 890 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተገኘባት። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም ዋጋው ሁሉ አስቀድሞ በውጭ አገር ሲጠቃለልና እንግዳው ከአጥሩ የሚያስወጣው ምክንያት ሲያጣ፥ ብዙው ገንዘብ ጠረፉን ሳይረግጥ ይቀራል፤ ለአገሩ ሰው የሚደርሰው ደመወዙ፥ ጉርሻውና የገበሬውና የዓሣ አጥማጁ ሽያጭ ነው። እኔና ወዳጄ አንድ ቀን ፑዌርቶ ሞሬሎስ ወደምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ወርደን፥ ባልና ሚስት በሚሠሩባት ትንሽ ምግብ ቤት ምሳ በላን፤ ከጉዞው ወጪ ሁሉ ከእጃችን በቀጥታ ወደ አገሬው እጅ ሲገባ ያየነው ያን የምሳ ሒሳብ ነበር። ጠረፉን ለማልማት የሚያስብ መንግሥት ከክፍሎቹ ቁጥር ጋር አብሮ ሊያስብ የሚገባው፥ እንግዳውን ከአጥሩ ወጥቶ እንዲህ ያለውን ማዕድ እንዲቀምስ የሚያደርገውን መንገድ ነው።

በመጨረሻው ሌሊት፥ ማዕበሉ ከኋላችን እየተሰበረ፥ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ነጭ ልብስ የለበሱ ሁለት ሠራተኞች ቆመው ሲያደምጡ አየኋቸው፤ እነርሱ በመስማታቸው ለእኛ የጎደለብን ነገር አልነበረም። ወዳጄ ደግሞ ገና የመጀመሪያው ድምፅ ሲነሣ የዘፈኑን ስም በጆሮዬ ይነግረኝ፥ መቼና የት እንደሰማው ያወጋኝ ነበርና፥ ለእኔ በመጀመሪያው ቀን እንግዳ የነበረው ዜማ በአራተኛው ቀን እንደ አገር ቤት ጨዋታ ሆነልኝ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አንዱ ሰው ሲጠቀም ለሌላው የሚተርፈውን፥ በገበያ ያልተከፈለበትን ጥቅም ውጫዊ ጥቅም ይሉታል፤ የእኔ ጉዞ ከግማሽ በላይ በዚህ የተሠራ ነበር። በማግሥቱ በአውሮፕላን ማረፊያ ወዳጄ ሒሳቡን ሲያስተካክል፥ የፑዌርቶ ሞሬሎስን ምሳ የከፈልሁት እኔ እንደነበርሁ አስታውሶ ድርሻውን አወጣልኝ። «ተወው፤ አንተስ አራት ሌሊት ሙሉ ስታስረዳኝ መች ዋጋ ጠየቅኸኝ?» ብዬ ገንዘቡን ወደ ኪሱ መለስሁለት።