በገናና በጥምቀት መካከል፤ ዕረፍት በደንበል ሐይቅ ዳርቻ

የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ተከብሮ፣ ጥር 11 ቀን ጥምቀት እስኪደርስ ያለው ጊዜ በአገራችን የራሱ ጠባይ አለው። የነቢያት ጾም ተፈትቷል፤ መኸሩ በአብዛኛው ተሰብስቧል፤ ሰማዩ ጠርቷል። ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐያማ ነው። የዘመድ ጥየቃው ካበቃ በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን ተርፎት፣ ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ራቅ ለማለት የሚያስብ ሰው በዚህ ወቅት ጥቂት አይደለም።

ሆኖም ዕረፍት ፍለጋ ወጥቶ ደክሞ የሚመለሰውም ብዙ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚወርደው መንገደኛ በሁለት ቀን ውስጥ ቆቃን አይቶ፣ ዝዋይን አልፎ፣ በላንጋኖ ዋኝቶ፣ አብያታንና ሻላን ቃኝቶ ሐዋሳ ለማደር ይነሳል። ያየው ግን አብዛኛው ከመኪና መስኮት ነው። የዱር ሕይወት ለሚቸኩል ሰው አይገለጥም። ጉማሬ ከውኃ ብቅ የሚለው በራሱ ሰዓት ነው፤ ወፍም ለጎብኚ ብሎ አያርፍም። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ዕቅድ ቁም ነገሩ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ አንድ ሐይቅ መምረጥ፣ ሁለት ሌሊት ማደር፣ ሁለት ማለዳ ማየት።

ለምን ደንበል?

ብዙዎች ዝዋይ በሚለው ስም የሚያውቁት ደንበል ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የባቱ ከተማ የተቆረቆረችው በምዕራባዊ ዳርቻው ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተኛ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ሥፍራ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው።

የመቂና የካታር ወንዞች ይገቡበታል፤ የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይፈስሳል። ውኃው መውጫ ስላለው ጨው አይጠራቀምበትም፤ ጣፋጭ ሆኖ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ዓሣው፣ ጉማሬው፣ ወፉና በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ የተመሠረቱት በዚህ ጣፋጭ ውኃ ላይ ነው።

ማለዳው

ታኅሣሥና ጥር የወፎች ወቅት ነው። በአውሮፓና በእስያ ብርዱ ሲበረታ ከዚያ የሚሰደዱት ወፎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ከነባሮቹ ጋር ይሰፍራሉ። እነርሱን ለማየት ጎሕ ሲቀድ ወደ ዓሣ ማራገፊያው መውረድ ይበቃል። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ሰብስበው ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲመለሱ፣ ብዙዎች አባ ኮዳ የሚሉት ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ ማራቦ፣ የዓሣውን ተረፈ ምርት ሲጠብቅ ይገኛል። በአንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ከረጢት ለብዙ ሰው የምግብ ማስቀመጫ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይደለም። እውነተኛው የዓሣ መያዣ ከረጢት የፔሊካን ነው። ነጭ ፔሊካኖች በኅብረት ግማሽ ክብ ሠርተው፣ ዓሣውን ወደ ጥልቀት የለሹ ውኃ እየነዱ ሲያጠምዱ ማየት ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው።

በውኃ ላይ በተዘረጋው ቅጠል ላይ ደግሞ ጃካና የተባለው ወፍ በረዣዥም ጣቶቹ ሳይሰምጥ ይራመዳል። እንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ ነው፤ ጫጩቶቹንም አደጋ ሲያይ ከክንፉ ሥር አቅፎ ያሸሻቸዋል።

ጀልባ መሳፈር የሚፈልግም ማለዳውን ይምረጥ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ፣ ጥልቀት የሌለው ይህ ሐይቅ በፍጥነት ይናወጣል። ከመሳፈር በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ጉማሬ በታየበት ሥፍራም ጀልባ ነጂውን ቅረብልን ብሎ ማግባባት የለየለት ሞኝነት ነው።

ምሽቱ

ጉማሬ ቆዳው የቀን ፀሐይን ስለማይችል ውሎው ከውኃ ውስጥ ነው። ሲመሽ ወደ የብስ ወጥቶ፣ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሣር ይግጣል። ስለዚህ ከመሸ በኋላ በዳርቻው መንሸራሸር አይገባም፤ በጉማሬና በውኃው መካከል መገኘት ከሁሉ የከፋው አደጋ ነው። ከማደሪያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ማዳመጥ ግን ምንም ወጪ የማይጠይቅ ደስታ ነው።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳት በፊት መጠየቅና በቀን መጓዝ፣ በበዓል ሰሞን ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ፣ ለወባ አጎበር ማዘጋጀት፣ ቢልሃርዝያ ስላለም በሐይቁ አለመዋኘት ተገቢ ነው።

ደሴቶቹ

ሁለተኛው ቀን ለደሴቶቹ ይሁን። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ የደብረ ጽዮን ገዳም የሚገኘው በዚሁ ላይ ነው። እንደ ትውፊቱ ከሆነ በዮዲት ዘመን አክሱም ስትጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ ተጠግተዋል፤ ዘመኑ ሲረጋጋም ተመልሰዋል። በገዳሙ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ቆይተዋል። የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች የዛይ ሕዝብ ናቸው፤ ቋንቋቸው ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ነው። ውኃው ለእነርሱ ቅጥርም መንገድም ሆኖ ኖሯል። ወደ ገዳሙ የሚሄድ እንግዳ ነጠላውን ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ የገዳሙን ሥርዓት ጠይቆ ይግባ። መንገዱ ረዥም ስለሆነም ሙሉ ቀን ይመድብለት።

የጎረቤቱ ምሳሌ

ይህ ሁሉ ለዘለዓለም የተሰጠ አይደለም። ከደንበል በሚወጣው ቡልቡላ የሚመገበው አብያታ፣ በዙሪያው ባለው የሶዳ አሽ ምርትና በላይኛው ተፋሰስ በተስፋፋው መስኖ ምክንያት እጅግ ሸሽቷል። ውኃው ሲያንስ ጨውነቱ ከፍ አለ፤ ዓሣው ጠፋ፤ በሻላ ደሴት እየፈለፈሉ ከአብያታ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ቀለባቸውን ሌላ ዘንድ ለመፈለግ ተገደዱ። በደንበል ዙሪያም የአበባና የአትክልት እርሻ፣ የገበሬው መስኖና የከተማው ውኃ ሁሉም የሚቀዱት ከዚያው ካልጠለቀ ሐይቅ ነው። እርሻው የብዙ ሰው እንጀራ በመሆኑ ይቅር ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን ለሐይቁ የሚቀረው ድርሻ ካልተለካ አብያታ የሆነው በደንበል የማይደርስበት ምክንያት የለም።

የጎብኚው ድርሻ ትንሽ ቢመስልም አለ። የፕላስቲክ ጠርሙሱን ይዞ መመለስ፣ ወፎችን በጩኸትና በድንጋይ አለማስነሳት፣ የአካባቢውን ዓሣ አስጋሪና ጀልባ ነጂ ተገቢውን ዋጋ መክፈል፤ ሕያው ሐይቅ እንጀራ እንደሚሆን የሚመሰክር ገንዘብ ይህ ነውና።

ጥር 10 ቀን በከተራ፣ ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ምእመናንም ዕለቱን በገሃድ ጾም ይቀበሉታል። በማግሥቱ ውኃው ይባረካል፤ ሕዝቡም ይረጭበታል። ውኃን በዚህ ክብር የሚቀበል ሕዝብ፣ ወንዝና ሐይቁን በቀሩት የዓመቱ ቀናትም ሊጠብቀው ይገባል። ሁለት ማለዳ በደንበል ዳርቻ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ይህን ሰባኪ ሳያስፈልገው ይረዳዋል።

መልካም የገናና የጥምቀት በዓል!