ሳምፕለር፦ ጥቂት ድምጽ መርጦ ሙዚቃ የመሥራት ዘዴ

በውድማ ላይ እህል የሚያበራይ ገበሬ ዜማ፣ በሙቀጫ ውስጥ የሚወርድ የዘነዘና ምት፣ ከማሲንቆ ላይ ተስቦ የሚወጣ አንድ ረጅም ድምጽ፤ እነዚህ ሁሉ ለሙዚቃ ጥሬ ዕቃ ሊኾኑ ይችላሉ። ጥሬ ዕቃውን ተቀብለው ወደ ሙዚቃ ከሚቀይሩ መሣሪያዎች አንዱ ሳምፕለር ይባላል። ሳምፕለር ድምጽ ይቀርጻል፤ የተቀረጸው ይቆረጣል፤ ተቆርጦ የቀረው ቅንጣቢ ደግሞ በጣት ሲመቱት መልሶ ይሰማል። ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ አራት በአራት የተደረደሩ 16 የጎማ መምቻዎች አሏቸው፤ በሙያው ቋንቋ ፓድ ይባላሉ። ኮምፒዩተር ሳያስፈልገው ብቻውን የሚሠራ ሳጥን ነው። ሳጥኑን መግዛት ያልቻለ ሰው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ የስማርት ስልክ መተግበሪያዎችን ሊጠቀም ይችላል፤ ከዚህ በታች የሚብራራው አሠራር ለሁለቱም ያገለግላል።

መሣሪያውን በእጃቸው ያስገቡ ጀማሪዎች በሁለት ነገር ሲቸገሩ ይታያል። አንደኛው፣ በመቶ የሚቆጠር ቅንጣቢ ድምጽ ተሰብስቦ አንድም ያለቀ ሥራ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። የገዛ አካባቢያቸውን ከበሮና ክራር ቀርጸው ሲያበቁ፣ ከሳጥኑ የሚወጣው ግን ወዙ የተሟጠጠ፣ የየትም አገር ሊኾን የሚችል ምት ይኾናል። ሁለቱም ችግሮች የሚመነጩት ከመሣሪያው ጉድለት ሳይኾን ከአሠራር ነው።

የመጀመሪያው ችግር መፍትሔ በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1979 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራው ፌርላይት የተባለ ሳምፕለር ዋጋው ከአብዛኛው ሙዚቀኛ አቅም በላይ ነበር። በ1987 ኢ-ሙ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤስፒ-1200ን ለገበያ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ሮጀር ሊን የነደፈው፣ የጃፓኑ አካይ ያመረተው ኤምፒሲ60 ተከተለ፤ ዛሬ የምናየው የ16 ፓድ አደራደር በእርሱ የተለመደ ነው።

ኤስፒ-1200 በጠቅላላው መያዝ የሚችለው 10 ሰከንድ ድምጽ ብቻ ነበር። ለአንድ ቅንጣቢ ደግሞ ከ2.5 ሰከንድ በላይ አይፈቅድም። የሂፕ ሆፕ ሙዚቀኞች ይህን ጥበት በብልሃት ተሻገሩት። በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር የነበረበትን ሸክላ በ45 ዙር ፍጥነት እያጫወቱ ይቀርጻሉ፤ ከዚያም በሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ያወርዱታል። በዚህ መንገድ በ2.5 ሰከንድ ቦታ ላይ ከ3.3 ሰከንድ በላይ ሙዚቃ ያስገባሉ። ድምጹ ወደ ታች ሲወርድ የሚያመጣው ሻካራነትም ከጊዜ በኋላ ተፈላጊ ጣዕም ኾነ።

ዛሬ በአንዲት ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ የብዙ ሰዓታት ድምጽ ይያዛል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ቦታው ሲሰፋ መምረጥ ይቀራል፣ መምረጥ ሲቀር ሥራው አያልቅም። ስለዚህ ገደቡን ሠሪው ራሱ ማበጀት ይኖርበታል። አንዱ መንገድ ለአንድ ዜማ ከ16 ፓድ በላይ ላለመጠቀም መወሰንና ለቀረጻ ከቤት ከመውጣት በፊት የእያንዳንዱን ፓድ ድርሻ በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ለከበሮ 4፣ ለክራር 6፣ ለሰው ድምጽ 3፣ ለጭብጨባና ለእልልታ 2፣ ቀሪው አንድ ደግሞ ለአካባቢው ድምጽ ቢሰጥ 16ቱ ይሞላሉ። ወረቀቱን የያዘ ሰው ምን ፍለጋ እንደሄደ ያውቃል፤ ያልያዘው ግን የሰማውን ሁሉ ቀርጾ ይመለሳል።

በቀረጻ ላይ የተበላሸ ድምጽ በኋላ አይቃናም። በገጠር ቀበሌ ለመቅረጽ የሚመረጠው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ወፍጮው ሥራ ሳይጀምር፣ ነፋሱም ሳይነሳ። ማይክሮፎኑን በስፖንጅ መሸፈን የነፋሱን ጉርምርምታ ይቀንሳል። የድምጽ መለኪያው ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ማድረግ ይገባል፤ ቀዩን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምጽ መድኃኒት የለውምና። ከበሮ ሲቀረጽ አንድ ምት ብቻ ወስዶ መመለስ አይበቃም። ሰፊው ወገንም ጠባቡ ወገንም ሦስት አራት ጊዜ፣ በለስላሳና በኃይል እየተመቱ፣ የእያንዳንዱ ምት ድምጽ ጨርሶ እስኪጠፋ እየተጠበቀ ይቀረጻሉ። ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይመታም። ሳጥኑ ያንኑ አንድ ምት ሲደጋግመው ጆሮ ወዲያው የሚሰለቸው ለዚህ ነው።

ቆረጣው ፈጣን ሥራ ነው። ቅንጣቢው ምቱ ከሚነሳበት ቅጽበት መጀመር አለበት፤ ከፊቱ ጥቂት ዝምታ ከቀረ ፓዱ በተመታ ቁጥር ድምጹ ዘግይቶ ይወጣል። ክፍቱና በእጅ የታፈነው የከበሮ ምት አንዱ ሌላውን እንዲያቋርጥ ተደርገው በአንድ ምድብ ይቀመጣሉ፤ በእውነተኛው ከበሮ ላይ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሰሙምና። ሳጥኑ በራሱ የሚሰጠውን ቁጥር ትቶ ለእያንዳንዱ ድምጽ የመሣሪያውን፣ የቦታውንና የቀኑን ስም መስጠት ሌላው ቸል የሚባል፣ በኋላ ግን የሚያስቆጭ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ችግር፣ የምት መድረቅ፣ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ሳምፕለሮች ሲከፈቱ በአብዛኛው አንዱን ሐረግ ለአራት ምት፣ እያንዳንዱን ምት ደግሞ ለአራት እርምጃ ከፍለው ይጠብቃሉ፤ ባጠቃላይ 16 እርምጃ ይኾናል። ጭቅጭቃ በሚባለው የ6/8 አካሄድ ግን እያንዳንዱ ምት የሚከፈለው ለሦስት ነው። ሳጥኑ ደግሞ ኳንታይዝ የሚባል ማስተካከያ አለው፤ በእጅ የተመታውን ሁሉ በአቅራቢያው ወዳለው እርምጃ ይስበዋል። ለሦስት ተከፍሎ የተመታ ከበሮ ለአራት ወደተከፈለ መሥመር ሲሳብ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምት ከቦታቸው ይነቀላሉ። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዜማ ላይ የሚነቀሉበት ርቀት 42 ሺህኛ የሰከንድ ክፍል ያህል ነው። ቁጥሩ ሲነገር እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ እስክስታ የሚመታ ትከሻ ግን ያውቀዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ችግሩ ከቀረጻ በፊት መደረግ ያለበት መኾኑ ነው። መሣሪያው የሚፈቅድ ከኾነ ሐረጉን በ6/8 ማስጀመር፣ ካልፈቀደ የእርምጃውን ክፍፍል ወደ ሦስትዮሽ መለወጥ፤ ያኔ በአንድ ሐረግ 16 የነበረው እርምጃ 12 ይኾናል። ከዚያም ኳንታይዙን በግማሽ ኃይል ብቻ እንዲሠራ ማድረግ፣ ወይም ጨርሶ ማጥፋት። የዲትሮይቱ ጄ ዲላ ማስተካከያውን እያጠፋ በጣቱ በመምታትና አንዳንድ ድምጾችን ኾን ብሎ ከመሥመሩ በማዛነፍ ይታወቃል። በ2006 ካረፈ በኋላ ይጠቀምበት የነበረው ኤምፒሲ3000 ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ገብቷል። ሳጥኑ እንደማንኛውም ሳጥን ነው፤ ልዩ ያደረገው መሥመሩን ያልፈራ እጅ ነው።

ቅኝትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ የክራር ድምጽ ቀርጾ በሳጥኑ ወደ ላይና ወደ ታች እየጎተቱ ሌሎቹን ድምጾች ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን በተለመደው አሠራር ድምጹ አንድ ኦክታቭ ሲወጣ ፍጥነቱ እጥፍ ይኾናል፣ ርዝመቱም በግማሽ ያጥራል፤ የሰው ድምጽ ከኾነማ የሕፃን ጩኸት ይመስላል። ከሁለት ሦስት ሴሚቶን በላይ አለመጎተት ይመከራል። ለክራር ደግሞ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ባለስድስት አውታር ክራር በትዝታ ወይም በአምባሰል ከተቃኘ በኋላ አውታሮቹን አንድ በአንድ ቀርጾ በ6 ፓድ ላይ ማስቀመጥ ነው። ያኔ ከቅኝቱ ውጪ የሚመታ ፓድ አይኖርም። የክራር ደርዳሪው ቃኝቶ የሰጠው ድምጽ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር በልክ ላይገጥም ይችላል፤ በሳጥኑ "ለማረም" መቸኮል አያስፈልግም። ሌላ መሣሪያ የሚጨመር ከኾነ አዲሱ ወደ ክራሩ ይጠጋ።

ሥራውን ለመጨረስ የሚረዳው ልማድ ዳግም መቅረጽ ነው። የከበሮው ክፍል ደስ ሲያሰኝ ሁሉንም ምቶች በአንድ ላይ እንደ አንድ ቅንጣቢ መልሶ መቅረጽ፣ በአንድ ፓድ ላይ ማስቀመጥና ወደ ክራሩ ማለፍ። ወደኋላ ተመልሶ የመነካካት ፈተና በዚህ ይዘጋል፤ ሦስት ፓዶችም ይለቀቃሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል በድንገት መቋረጥ ደግሞ ሌላው ጠላት ነው። አንዳንድ ሳጥኖች ያልተመዘገበ ሥራን ኃይል ሲቋረጥ ጨርሰው ይረሱታል፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም የአንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሥራ በዚሁ ምክንያት አጥቶ ያውቃል። በየ10 ደቂቃው ወደ ካርዱ መመዝገብ፣ ማታ ማታ ደግሞ የካርዱን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

የሌላውን ድምጽ መውሰድን በተመለከተ ሕግም አለ። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ "ዲስታንት ሬላቲቭስ" በተሰኘው አልበማቸው መክፈቻ ላይ የሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" ቅንጣቢ ተጠቅመዋል፤ ከኢትዮጵያ የተቀዳ ዜማ በዚህ መንገድ ለአዲስ ትውልድ አድማጭ ደርሷል። በ1991 ግን አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያለፈቃድ በተወሰደ ቅንጣቢ ምክንያት የራፐር ቢዝ ማርኪን ዘፈን አግዷል፤ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ፈቃድ መጠየቅ የሥራው አንድ ክፍል ኾኗል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲዎች ሌላ የከዋኞችን መብት ይጠብቃል። ማሲንቆ የሚገርፈው አዝማሪም፣ ውድማ ላይ የሚያንጎራጉሩት አባትም ከዋኝ ናቸው። ማይክሮፎኑ ከመከፈቱ በፊት ድምጻቸው ለምን እንደሚውል ሊነገራቸው፣ ገንዘብ ቢገኝበት ድርሻቸው ምን እንደሚኾን በግልጽ ሊስማሙ ይገባል። ስማቸው፣ ቀበሌያቸው፣ ቀኑና የተስማሙበት ነገር በደብተር ይስፈር፤ ያለቀውን ሥራም ከሌላው ሰው በፊት እነርሱ ይስሙት።