መንጠቆ ከመጣላችሁ በፊት ወንዙን እዩ



ባለፈው ሳምንት ለክፍላችን ጠመኔና ደብተር ልገዛ ከዓሊ አዴ ካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርጄ ነበር። የመመለሻው መኪና እስኪሞላ ድረስ የድሮው ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ሥር ጥላ ፈልጌ ቁጭ አልኩ። ከዚህ ጣቢያ ባቡር መነሳት ካቆመ ቆይቷል፤ አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ ነው የሚቆመው። ጥላው ግን አሁንም አለ፤ እዚያም ሦስት የአገራችን ሰዎች ተቀምጠው ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

ክርክሩ ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ዓሣ! እሱም ባሕሩ እዚያው አጠገባቸው ሆኖ ስለ ወንዝና ስለ ሐይቅ ዓሣ። አንዱ ቆቃ ላይ ቆሮሶ ሲያጠምድ ያደገ ነው። ሌላው የባሕር ዳር ልጅ፣ የጣና ሰው ነው። ሦስተኛው በዚሁ ባቡር ሲመላለሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔም ደብተሬን አውጥቼ መጠየቅ ጀመርኩ። ምክንያቴ ሁለት ነው። በሱዳን፣ በኬንያ ወይም በአገር ቤት መጠለያ ካላችሁት ውስጥ ወንዝ ወይም ሐይቅ አጠገብ የሆናችሁ አላችሁ፤ ራሽን ሲያንስ ዓሣ ያግዛል። ሁለተኛው ደግሞ የራሴ ተማሪዎች ናቸው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወደ ደረቁ ወንዝ ይሮጣሉ። ስለዚህ የሰማሁትን እኔ ከማውቀው ጋር ደባልቄ ላካፍላችሁ።

አዋሽ የት ይገባል?

ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። አዋሽ ግን ደጃፏ ድረስ ይመጣል። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሳል፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በተሠራው የቆቃ ግድብ ያልፋል፣ መተሐራንና አፋርን አቋርጦ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መጨረሻው ድንበሩ ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ነው። ባሕር አይገባም፤ ውሃው እዚያው ተንኖ ጨው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ወንዝ ነው ብላችሁ አንድ ዓይነት ማጥመጃ አትያዙ። ላይኛው ፈጣን ነው፣ ቆቃ የተኛ ውሃ ነው፣ ታችኛው ደግሞ ደለል የበዛበት ድፍርስ ነው። ዓሣውም እንደ ውሃው ይለያያል።

የትኛው ዓሣ፣ የትኛው መንጠቆ?

መጀመሪያ ስለ መንጠቆ ቁጥር። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። 10 ቁጥር ከ4 ቁጥር ያነሰ ነው። ከ1 ቁጥር በኋላ ግን 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ይተልቃል። ይሄን ባለማወቅ ትልቅ መንጠቆ ገዝቶ “ዓሣ የለም” የሚል ብዙ ነው።

ቆሮሶ (ቲላፒያ)፦ አፉ ትንሽ ነው። 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆና ቀጭን ናይለን ይበቃዋል። ደረት በማይሞላ ውሃ፣ ሣርና ደንገል ባለበት ዳር ይውላል። ትል፣ ፌንጣ ወይም የጠነከረ ሊጥ ይወስዳል። ጠዋት ፀሐይ ውሃውን ሞቅ ስታደርገው ይንቀሳቀሳል። ጥላችሁ ውሃው ላይ ካረፈ ግን ይሸሻል፤ ቁጭ ብላችሁ አጥምዱ።

አምባዛ፦ ሪዛሙ ዓሣ ነው። ድፍርስ ውሃ ውስጥ በዓይኑ ሳይሆን በሪዙና በሽታ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ የሚሸት ነገር ስጡት፦ የዓሣ አንጀት፣ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት። ከ1/0 እስከ 4/0 መንጠቆና ወፍራም ገመድ ያስፈልገዋል። ከታች ጭቃው ላይ ነው የሚውለው፤ ሲመሽ በደንብ ይበላል። አየር መተንፈስ ስለሚችል ወንዝ ሲደርቅ በቀረችው ኩሬ ውስጥ እሱን ታገኙታላችሁ። ስትይዙት ተጠንቀቁ፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ ያሉት እሾሆች እጅ ይቀዳሉ።

ነጭ አሳ ወይም ቢልጫ የሚባለው፦ ይሄ የሚፈስ ውሃ ይወዳል። ከፏፏቴ በታች፣ ከድንጋይ ጀርባ፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ፈልጉት። 4 ወይም 6 ቁጥር መንጠቆ በትል ይሆናል። ጉልበተኛ ስለሆነ በአንዴ አትጎትቱት፤ ገመድ ልቀቁለት፣ ሲደክም ሳቡት።

ገንዘብ ለሌለው

የቆቃው ሰው ሳቀብኝ። “አስተማሪ፣ ዘንግ ምን ያደርግልሃል? የውሃ ፕላስቲክ አለህ አይደል?” አለኝ። ናይለኑን በባዶ ላስቲክ ጠርሙስ ላይ ጠምጥሙት፤ ስትወረውሩ ጠርሙሱን አፉን ወደ ውሃው አድርጋችሁ ያዙ፣ ገመዱ ራሱ ይፈታል። ለክብደት አሮጌ ቡሎን፣ ለተንሳፋፊ የተቆረጠ ሸበጥ ጫማ ይሠራል። ገንዘባችሁን መንጠቆና ናይለን ላይ ብቻ አውሉ።

ቋጠሮው እንዲህ ነው፦ ጫፉን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ፣ በራሱ ገመድ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ ጫፉን መልሳችሁ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ቀለበት አስገቡ፣ በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ደረቁን ከሳባችሁት ይሞቅና ናይለኑ ይደክማል።

ውሃው ሲለወጥ

እስካሁን ዝም ብለው የቆዩት ሽማግሌ እዚህ ላይ ገቡ። “ልጄ፣ ዓሣውን ተወውና ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ጻፍላቸው” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሲሞላ ልጅ ነበርኩ። ደቻቱ ቀን ቀን ሰው የሚሻገርበት፣ የሚነገድበት፣ እኛም ኳስ የምንጫወትበት አሸዋ ነው። ከባዱ ዝናብ የጣለው ደጋው ላይ ነበር፤ ጎርፉ የደረሰው ግን ሰው በተኛበት ቆላ ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከእኛ ሰፈር ማታ ሰላም ብለውን የገቡ ጎረቤቶች ጠዋት አልነበሩም። እዚህ ጅቡቲ ከተማም የአምቡሊ ወንዝ እንደዚያው ነው፤ ደረቅ ይመስላል፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል። ሆልሆል ያላችሁ ደግሞ የድሮውን የባቡር ድልድይ ታውቁታላችሁ። ከሥሩ ያለው ሸለቆ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ የቆፈረው ግን ውሃ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ለልጆቻችሁም ንገሩ፦

1. እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ማለቱ ምንም ማለት አይደለም። የላይኛውን ተራራ እዩ፤ እዚያ ከጠቆረ ከወንዙ ውጡ።

2. ማጥመድ ስትጀምሩ ውሃው ዳር ላይ እንጨት ትከሉ። በየጊዜው እዩት። ውሃው እንጨቱን ካለፈ እየሞላ ነው።

3. ንጹሕ የነበረው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠል፣ ጭራሮና አረፋ ይዞ ከመጣ፣ ወይም ከላይ የመኪና ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ፣ መንጠቆውን ጥላችሁ ሩጡ። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው።

4. አሸዋው ላይ አትተኙ። የሚጋልብ ጎርፍ ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም አትሻገሩት፤ ትልቅ ሰው ይጥላል።

አዞና ጉማሬ ባለበት፣ ለምሳሌ አዋሽና ባሮ፣ በየቀኑ አንድ ቦታ አትቁሙ፤ የዓሣ አንጀትም በቆማችሁበት አትጣሉ። ሣር ያለበት የተኛ ውሃ ደግሞ ቢልሃርዝያ የምታመጣው ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ ከማጥመድ ዳር ሆኖ መወርወር ይሻላል።

የማይደረግ

የጣናው ሰው ያዘነበት ነገር አለ። ነጭ አሳ በክረምት ሊራባ ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣል። አጥማጁም ይሄን ስለሚያውቅ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። አንዳንዱ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ ይበትናል። ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይገድላል። “እንቁላል የያዘችውን በልተን፣ በዓመቱ ዓሣ የት ሄደ እንላለን” አለኝ።

ለእኛ ለካምፕ ሰዎች ደግሞ አንድ ልጨምር፦ የወባ አጎበርን መረብ አታድርጉት። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ጫጩቱን ሁሉ ይጠርጋል፤ የተነከረበት መድኃኒት ውሃ ውስጥ ላሉት መርዝ ነው፤ ማታ ደግሞ ልጃችሁ ያለ አጎበር ይተኛል። አንድ ማሰሮ ወጥ ለዚህ ሁሉ አይበቃም።

ከማጥመዳችሁ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የካምፑን አስተዳደር ጠይቁ። ወንዙ የሚኖሩበት ሰዎች ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። በዓሣ የተነሳ ጠብ ደግሞ ከአንድ ሰው አልፎ ካምፑን በሙሉ ይነካል።

የያዛችሁትን እዚያው አንጀቱን አውጡ። በዚህ ሙቀት ጥቂት ሰዓት ካደረ ይበላሻል። የማትበሉትን በቀጭኑ ሰንጥቃችሁ ጨው ነስንሱና ዝንብ በማይደርስበት ፀሐይ ላይ አድርቁ። በሐዋሳ ጥሬውን መብላት የለመዳችሁ፣ እባካችሁ እዚህ አብስሉት።

መኪናው ሲሞላ ተነሳሁ። ሽማግሌው እጄን ይዘው “ተማሪዎችህን እንጨቷን አስተምራቸው” አሉኝ። በማግሥቱ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ወስጄ ያቺን ውሃ ዳር የምትተከል እንጨት ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። እናንተም ዓሣ ባታጠምዱ እንኳ ይቺን አንዷን ለልጆቻችሁ ሣሉላቸው።

ሰላም ሁኑ።