ከፒያሳ እስከ ሸርቆሌ፦ አልጋው የተነጠፈው ለማን ነው?

የአገራችንን ሆቴሎች ታሪክ በእንግዶቻቸው መቁጠር ይቻላል። እያንዳንዱ ዘመን አልጋ ያነጠፈው ሊያስተናግደው ለፈለገው ሰው ነውና።

እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ያሠሩት ሆቴል በቅድሚያ የታሰበው ለውጭ አገር ሰው ነበር። ለአገሬው ከፍሎ መብላት ነውር ስለነበረ፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ ሒሳቡን በመክፈል እንዳስለመዷቸው ይወሳል። ሕንፃው በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢጎዳውም ከፍ ያለ ጣሪያውና ሲረግጡት የሚንቋቋው የእንጨት ወለሉ ዛሬም የጥንቱን ዘመን ያስታውሳሉ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በደሴ ለሹማምንትና ለመኮንኖች የሚሆኑ ሆቴሎች ተሠሩ። የአዲስ አበባው ኋላ ራስ ሆቴል ተባለ፤ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ያረፉበት በመሆኑም ይታወቃል።

ቀጥሎ የመጣው እንግዳ ቱሪስቱ ነው። ለእርሱ ሲባል ጎንደር ላይ ጎሃ፣ ላሊበላ ላይ ሮሃ፣ አክሱም ላይ የሃ ተገነቡ። ቱሪስቱን ብቻ የጠበቁት ግን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኮሮና ወረርሽኝና የሰሜኑ ጦርነት ሲከታተሉ ባዶ ክፍል ታቅፈው ቀሩ። ሐረር ሌላ መንገድ አሳየች። በግንብ የታጠረችው አሮጌ ከተማዋ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ አንዳንድ ቤተሰቦች ነደባ ከሚባለው ከፍ ያለ መቀመጫና ግድግዳ ላይ ከተደረደረው ሰፌድ ሳይለዩ የገዛ ቤታቸውን ለአዳሪ ከፈቱ።

ይህ ሁሉ ወደ ምዕራብ አልዘለቀም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምትገኘው ሸርቆሌ በ1989 ዓ.ም. የሱዳን ስደተኞች መጠለያ ሲከፈትባት የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ የእርዳታ ሠራተኛውን ታስተናግድ ጀመር። በ2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ ሲጀመር ደግሞ መሐንዲሱና በአበል የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ተጨመሩ። አሶሳ ላይ ፔንሲዮኑ የበዛው «አልጋ አለ?» ብሎ አድሮ፣ ደረሰኙን ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው።

በምኒልክ ዘመን የአሶሳ ገዥ የነበሩት ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን ግን አዲስ አበባ ላይ ሰፈሩን በስማቸው ያስጠራ ትልቅ ቤት ነበራቸው። ለምኒልክ ወርቅ ይገብር የነበረ አገር ቅርሱ በዋና ከተማው ቆሞ ሳለ፣ በራሱ ምድር የታሪኩን መልክ የያዘ ማረፊያ ማጣቱ ይቆጫል።

ለሸርቆሌ የሚበጀው የሐረሩ መንገድ ይመስለኛል። የቆላ ቀርከሃው ደጅ ላይ ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ባለሙያ ከቀርከሃና ከሣር ክብ ቤት መሥራት ያውቅበታል፤ እናቶች የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ያቀርባሉ። የሚጎድለው የባለቤቶቹን ኪስ የሚደግፍ አነስተኛ ብድርና የመንገዱ ሰላም ነው። የእርዳታ ገንዘብ ሲቀንስና የግድብ ሥራ ሲያልቅ የአበል እንግዳ ይሄዳል፤ ለቤቱ ብሎ የመጣ እንግዳ ግን ቤቱ እስካለ ድረስ ምክንያት አያጣም።